ጭምት አበቦችህና ብርሃኔ

የኔው ታዴ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን ዘንድሮም በመጋቢት ዝናብ፣ እዚሁ ሾርላይን ባለው ቤታችን አሰብንልህ። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ከተጋባን ጀምሮ የሚያጻጽፍ ርቀት በመካከላችን አልነበረማ! ሥራ ቦታ ሆኜ ስትናፍቀኝ ኮል አደርግልህና "ምን በላህ?" እልህ ነበር፤ የበላኸውን ትነግረኛለህ፣ በቃ። አሁን ግን ለማንም ባወራው ለአንተ እንዳወራሁት የማይሆንልኝ ነገር ተጠራቀመብኝ። ስለ አትክልት ቦታህ ነው። ስለ ብርሃኔም ነው። ተያይዘው ስለመጡ አንዱን ትቼ ሌላውን ልነግርህ አልችልም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሜሮን ትምህርቷን ጨርሳ ሊንውድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆናለች። ከእኔ ጋር ናት፤ "ማሚን ብቻዋን አልተዋትም" ብላ አፓርታማዋን ለቀቀች። እኔም ሥራዬን ወደ ግማሽ ቀን ቀንሻለሁ፤ ወደ ከተማ ስወርድ በባቡር ነው። መኪናህን እሷ ትነዳዋለች። የመጀመሪያ ቀን ወንበሩን ለቁመቷ ወደ ፊት ስታስጠጋው አለቀስኩ። "ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?" ብላ ደነገጠች። የአንተ የእግር ልክ ከመኪናው ጠፋ ብዬ እንዴት ላስረዳት?

ስለ አበቦቹ ስጽፍልህ፣ ይህን ቤት የገዛን ዓመት ድቅን ይልብኛል። ጥምቀት አካባቢ ነበር። ጠዋት በኩሽናው መስኮት አይተህ "ማነው ደግሞ ሶፍት የበተነብን!" ብለህ በነጠላ ጫማህ፣ ፌስታል ይዘህ ተበሳጭተህ ወጣህ። ከሜፕሉ ዛፍ ሥር ስታጎነብስ አየሁህ። አጎንብሰህ ቀረህ። ጀርባህን ያዘህ ብዬ ሮጬ ልወጣ ስል "አልሚ፣ ነይ! ሶፍት አይደለም!" ብለህ ተጣራህ። ሌላው ሁሉ ገና ደርቆ በተኛበት ወቅት፣ ቁመታቸው ከስንዝር የማይበልጥ ነጫጭ አበቦች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። አንዷን በጣትህ ቀና አደረግህና ከውስጧ ያለውን አረንጓዴ ነጥብ አሳየኸኝ። "እንዴት ያሉ ጭምቶች ናቸው!" አልክ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስማቸው ጭምቶቹ ሆነ። ሜሮን "ዳዲ፣ ስኖውድሮፕ ነው የሚባሉት" ስትልህ፣ "እነሱ እንደፈለጉ ይበሉ፣ እኛ ግን ጭምት ነው የምንላቸው" አልካት።

አትክልተኛ አልነበርክም። ሰላጣ እንኳ ተክለህ አታውቅም። እነሱ ግን ያዙህ። በመከር ከሱቅ የደረቀ ሥራቸውን፣ ያንን ከነጭ ሽንኩርት ፍንካች የማይበልጠውን፣ በከረጢት ገዝተህ መጣህና ቀኑን ሙሉ ቀበርክ። ዊንተሩ ሲመጣ እዚህም እዚያም ጥቂት ብቅ አሉ፣ ሌላው መሬት ውስጥ ቀረ። በአጥሩ በኩል ያለችው አሮጊት ጎረቤታችን አዘነችልህ። "እነዚህ መድረቅ አይወዱም" አለችህ። "አበባው እስኪረግፍ ጠብቅ፤ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ የተጨናነቀውን ነቅለህ ለያየውና ያንኑ ቀን ትከለው።" እንደነገረችህ አደረግህ። በቀጣዩ ዓመት አንዱ እፍኝ ብዙ እፍኝ ሆኖ ሲያብብ፣ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ሳሎን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ መውሰድ ጀመርክ።

ብርሃኔንም እንደዚያው ነው ወደ ጓሮ የወሰድከው። አዲስ አበባ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ አጥር ግቢ ያደጋችሁ ልጆች፣ እዚህ አገር ኤርፖርት ሹፌርነት ላይ ስትገናኙ ተቃቅፋችሁ እንዴት እንደጮኻችሁ ስንት ጊዜ ነገርከኝ። ወላጆቹ ከአስመራ የመጡ ናቸው፤ እሱን ግን ከወላጆቹ እኩል እናትህ ናቸው ያሳደጉት። መጀመሪያ ጭምቶቹን ሲያይ ሳቀብህ። "ሥሩ አይበላ፣ አበባው ይህን ያህል አይሸት! ምን ይሠሩልሃል?" አለ። ሁለተኛው ዓመት ላይ የቆሻሻ ፌስታል መሬት ላይ አንጥፋችሁ፣ በካፊያ ጎን ለጎን ተንበርክካችሁ አየኋችሁ። የተያያዘውን ሥር በጣታችሁ እንደተወሳሰበ ክር ትፈታላችሁ። "ቀስ በል፣ ሥሩን በጠስከው እኮ!" ትለዋለህ። "ተወኝ እባክህ፣ አንተ ነህ የወለድካቸው?" ይልሃል። እኔ ከመስኮቱ ሆኜ እስቃለሁ።

ታኮማ ቤት የገዛ ጊዜ ሌላው ሰው ብርድ ልብስና የሻይ ስኒ ሲያመጣለት፣ አንተ በእርጥብ ጋዜጣ የጠቀለልከውን ጭምት በካርቶን ሞልተህ ይዘህለት ሄድክ። ሀይዌዩ ላይ ትራፊክ ያዘን። በየደቂቃው ዞር እያልክ "ውሃ አርከፍክፊላቸው" ትለኛለህ፤ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ካርቶኑን ታቅፌ እንደ ሕፃን አጠጣቸዋለሁ። እነ ብርሃኔ ቤት ስንደርስ ቀሚሴ ረጥቦ ነበር፤ ለምለም፣ ባለቤቱ፣ የራሷን ቀሚስ አልብሳኝ ነው የዋልኩት።

ከዚያ እናትህ አረፉ። ለቀብራቸው መድረስ አልቻልክም፤ ለቅሶ እዚሁ ሳሎናችን ተቀመጥን። ሰው ከሊንውድም ከታኮማም ጎረፈ። አንተ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር። ለምለም ብቻዋን መጣችና "ብርሃኔ ሥራ ይዞት ነው" አለች፣ ዓይኗን ሰብራ። በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛውም ቀረ። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ እንዲህ አልከኝ፦ "እዚህ አገር እናቴን የሚያውቃት እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ለእኔ ብሎ ነው የመጣው፤ ለእሷ የሚያለቅስላት እሱ ነበር።" ምን ብዬ ላጽናናህ? እውነትህን ነበር።

ሰንብቶ መጣ። ክስት ብሎ ነበር። እኔ ኩሽና ነበርኩ፤ በሩን አንተ ከፈትክለት። "ለቅሶው አልቋል" ስትለው ሰማሁ። ሌላ አላልከውም። እጄን አድርቄ ስወጣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ጥምቀት አለፈ! ሽማግሌ ላስገባ ስልህ "ተይው" ትላለህ። ስሙን ሳነሳ ራዲዮ ትከፍታለህ። ጭምቶቹን ግን ብቻህን መለያየቱን ቀጠልክ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለማታውቀውም ሰው ሰጠህ። ጉንዳን ዘሩን ተሸክሞ አጥሩ ሥር የዘራቸውን ሳይቀር እየዞርክ ታያቸው ነበር። የሚያግዝህ አልነበረም፤ እኔ ጉልበቴ መንበርከክ እምቢ ብሎኛል።

የመጨረሻዋ የካቲት ትዝ ትልሃለች? ሕመሙ አድክሞህ ሶፋውን መስኮቱ ሥር አስጠግተንልህ ነበር። ጭምቶቹ እንደዚያ ዓመት አብበው አያውቁም። ስታያቸው ቆየህና "የብርሃኔዎቹ ዘንድሮ ምን ያህል ደርሰው ይሆን?" አልክ። ስልክህን አምጥቼ እጅህ ላይ አስቀመጥኩልህ። ራስህ ደወልክ። ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ መልእክት ተው የሚለው ድምፅ መጣ። ዘጋኸው። "ሥራ ላይ ነው" አልክ፤ ሳትቆጣ። በነጋታው ተባባሰብህና ሆስፒታል ገባን። ወደ ቤት አልተመለስክም።

ቀብርህ ላይ ብርሃኔን ከሩቅ አየሁት። ከሰው ኋላ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ሰው ሁሉ አፈር ሲያለብስ እሱ አልቀረበም፤ ዞር ስል ጀርባውን አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተቆጣሁ። ደውለህለት ያልመለሰ ሰው ምን ሊያደርግ መጣ ብዬ ነው።

ያለአንተ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጭምቶቹ በሰዓታቸው መጡ። እኔ ግን የዚያን ዊንተር የጓሮውን መጋረጃ አልከፈትኩም። አልቻልኩም። ሜሮን "ማሚ፣ ዘይ አር ሶ ፕሪቲ፣ ነይ እይያቸው" ስትለኝ "ኦኬ፣ ነገ" እላታለሁ። ረገፉ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት ሰመር ላይ የቤታችን የፍሳሽ ቱቦ ፈነዳ። የሜፕሉ ሥር ገብቶበት ኖሮ ቆሻሻው በሻወሩ ተመልሶ ወጣ። መቆፈር ግድ ሆነ፣ ዛፉም መቆረጥ ነበረበት። የሠራተኞቹን አለቃ ጓሮ ወስጄ "እዚህ ጋ አበባ አለ፣ እባክህ" አልኩት። መሬቱን አየ። ኦገስት ነው፤ ቅጠላቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለው ደረቅ አፈር ብቻ ነው። "የቱ ጋ እመቤቴ?" አለኝ። "ከሥሩ ነው ያሉት፣ ተኝተዋል" አልኩት። ደግ ሰው ነበር፤ ከዳር ያለውን አፈር በአካፋ ለብቻ ሊያወጣልኝ ሞከረ። ግን ቱቦው የሚያልፈው ልክ በመካከላቸው ነበር፤ አፈሩም በፍሳሽ ተበክሎ ስለነበር ሁሉም በመኪና ተጭኖ ሄደ። ጠጠርና አዲስ አፈር ሞልተው የሣር ዘር በተኑበት።

ዘንድሮ መጋረጃውን ከገና ጀምሬ ከፈትኩ። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ እቆማለሁ። አንድ እንኳ አትተርፍም ብዬ ማመን አልሆነልኝም። ጥምቀት መጣ፣ ሄደ። የካቲት ገባ። ሣሩ ብቻ በቀለ። ጉንዳኑ የወሰዳቸው እንኳ ለቁፋሮው አጥሩ ሲነሳ አብረው ሄደዋል። አሮጊቷ ጎረቤታችንም ልጇ ዘንድ ወደ ሌላ ስቴት ሄዳለች፤ ግቢዋን የገዙት ሰዎች ሲሚንቶ አድርገውታል። ቤተ ክርስቲያን የሰጠኻቸውን ሰዎች ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ "የባሌን አበባ መልሱልኝ" ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምለም አቅፋ ስትስመኝ እንባዬ መጣ። ምን ሆነሽ ስትለኝ የመጣልኝ የአንተ ሞት አልነበረም። "ጭምቶቹ አለቁ" አልኳት። ስለ ቱቦው ነገርኳት። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንድ ፒክአፕ መኪና በራችን ላይ ፓርክ አደረገ። ብርሃኔ ወረደ። ሸብቷል ታዴ፤ ከኋላ ብታየው አታውቀውም። በሩን ከፍቼ መካከሉ ላይ ቆምኩ።

"አልማዝ፣ እንዴት አለሽ?" አለኝ።

"ዛሬ ነው የመጣኸው?" አልኩት።

ወደ መኪናው ተመልሶ ካርቶን አወጣ። ቅጠላቸው አረንጓዴ፣ አንዳንዶቹ አበባቸው ገና ያልረገፈ፣ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለሉ ጭምቶች። "የእሱ ናቸው" አለ። "እኔ አበዛኋቸው እንጂ የእሱ ናቸው። አትክልት ቦታው ድረስ ላድርሳቸውና እሄዳለሁ፤ ቤት አልገባም።"

ከፊቱ ዞር ማለት አቃተኝ። በልቤ ያስቀመጥኩትን ሁሉ አወጣሁት። "ሊሞት ሲል ደውሎልህ ነበር። ለምን አልመለስክለትም?"

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። አብሮት ራሱም ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "አይቼዋለሁ" አለኝ። "ኤርፖርት መንገደኛ እየጫንኩ ነበር። ስሙን ስልኩ ላይ ሳይ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ግን ስንት ዓመት ያልደወለ ሰው ነው፤ ጣቱ ነክቶት ይሆናል አልኩ። መልሼ ደውዬለት 'በስህተት ነው' እንዳይለኝ ፈራሁ። ከልቡ ከሆነ ይደግመዋል ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን ከእጄ ሳልለይ ነው የጠበቅሁት። መታመሙን ማንም አልነገረኝም።"

"ደብቀነው ነበር" አልኩት።

"እኔም እንደዚያው ነበርኩ" አለ። ያን ጊዜ ነው ታዴ፣ እናትህ ባረፉበት ሳምንት የት እንደነበረ የሰማሁት። ሆስፒታል ነበር። አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ተቆርጦ ወጥቶለት፣ በዚያ ሳምንት ተኝቶ ነበር። በሽታው እንዳይወራበት ለምለምን አስምሏት፣ ሥራ ላይ ነው እንድትል ያደረጋት እሱ ነው። በእግሩ መቆም እንደቻለ ለአንተ ብቻ ሊነግርህ መጣ። "በሩን ሲከፍትልኝ ከእማማ ጀምሬ ከዚያ የራሴን ልነግረው ነበር" አለኝ። "'ለቅሶው አልቋል' ሲለኝ፣ አሁን ብናገር ይቅርታ ለማግኘት በሽታዬን ምስክር የማደርግ መሰለኝ። ተናድጄም ነበር። መክሳቴን ሳያይ ቀረ? አልኩ።"

አይተህ ነበር እኮ። ማታውን "ብርሃኔ ምን ነካው፣ ከስቷል" ብለኸኝ ነበር፤ ራዲዮ ከመክፈትህ በፊት። ይህን ለብርሃኔ ነገርኩት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ፣ ለእናትህና ለአንተ በአንድ ላይ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሜሮን ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ ምንም ሳትጠይቅ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ሰጠችን።

ከዚያ ተከልን። ጠጠሩን አወጣ፣ ከቤቱ ያመጣውን የበሰበሰ ቅጠል አፈሩ ላይ ቀላቀለ። ተንበርክኮ ሲለያያቸው እጁን አየሁት። የተያያዘውን ሥር በአውራ ጣቱ ከመካከል ገፋ አድርጎ የሚከፍትበት መንገድ የአንተ ነው። ሜሮን ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቀበሩ ስትጠይቀው፣ "ነጩን ታያለሽ? እስከዚህ ድረስ አፈር ውስጥ ነበረ። ነጩ ይሸፈን፣ አረንጓዴው ይውጣ። አባትሽ ነው ያሳየኝ" አላት። በአማርኛ ነው የመለሰችለት፤ "እሺ ጋሽ ብርሃኔ" አለችው። ሦስት ሦስቱን በአንድ ጉድጓድ እያደረገ ቱቦው ካለፈበት ራቅ አድርጎ ተከላቸው። ጥላ የሚሆናቸው ዛፍ ስለሌለ በመከር አንድ ትንሽ ዛፍ ይዞ ሊመጣ ነው።

አሁን ሜይ ነው። ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ሣሩ ቢረዝምም አላሳጨድኩም፤ ቅጠሉ ራሱ ሳይደርቅ ከተቆረጠ ሥሩ ምግብ እንደማያገኝ ስትጮህብን ኖረህ የለ! ብርሃኔ "ቦታ ስለለወጡ በሚመጣው ዓመት ሁሉም ላያብቡ ይችላሉ፤ ያኮርፋሉ" ብሎኛል። ያኩርፉ። እጠብቃለሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ መቃብርህ ድረስ ወሰድኩት። እሱ ከቀብርህ ቀን ወዲህ እዚያ አልመጣም ነበር። ድንጋይህን ካሳየሁት በኋላ ወደ መኪናው ተመለስኩና በመስታወቱ ሳላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ረጥቧል። ምን እንዳለህ አልጠየቅሁትም፤ የእናንተ ነው። እኔ ግን ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ሁሉ ንግግር በሕይወት ሳለህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። አንድ ሻይ የሚያስጨርስ እንኳ አልነበረም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች፣ አንዱ ሕመሙን ደብቆ፣ ሌላው ኀዘኑን ይዞ፣ አንድ በር ላይ ቆመው ተላለፉ። ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቂም ስላልነበረ ነው የሚቆጨኝ።

ሰዎች ሙት ዓመትህ ላይ ስለ አንተ ሲያወሩ "ሰው አስቀይሞ አያውቅም" አሉ። ብርሃኔና እኔ ተያየን። እነሱ የሚያስታውሱት ተመርጦ የቀረላቸውን ታደሰ ነው፤ ደግ ነው፣ ይኑርላቸው። እኔ ግን እልኸኛውንም አልጥለውም። የሚያኮርፈውን፣ ተሳስቶ መሳሳቱን በእጁ ሥራ ካልሆነ በአፉ የማይናገረውን፣ ሲፈራ ዝም የሚለውን ጭምር ነው የያዝኩት። እኔ የኖርኩት ከሙሉው ሰው ጋር ነው፤ የናፈቀኝም እሱ ነው። እስክንገናኝ ድረስ እንደነበርክ አድርጌ፣ ምንም ሳልቀንስብህ አስብሃለሁ።

አልሚህ